«ኪል ቢል» ክፍል 1፦ ሳንሱር ያልነካው የጃፓን ዲቪዲ ከአሜሪካው ጋር ሲነጻጸር

የዲስክ መደርደሪያ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

በዚህ መድረክ ላይ የኩዌንቲን ታራንቲኖን «ኪል ቢል» ክፍል 1 ያላየ ሰው ብዙ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን ያየነው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 2003 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ወጥቶ፣ በኤፕሪል 2004 በዲቪዲ የተሠራጨውን ቅጂ ነው። ለጃፓን ተመልካች የወጣው ቅጂ የተለየ መሆኑን ለዓመታት ስሰማ ኖሬ በቅርቡ የጃፓኑን ዲቪዲ በእጄ ስላስገባሁ፣ ሁለቱን አስተያይቼ ያስተዋልኩትን ለመጻፍ ይህን ክር ከፍቻለሁ። ታሪኩን ስለምዘረዝረው ፊልሙን ያላያችሁ ካላችሁ እዚህ ላይ ብታቆሙ ይሻላችኋል። ለማስታወስ ያህል፣ ታሪኩ በሠርጓ ልምምድ ላይ ቢልና ተከታዮቹ ሊገድሏት ሞክረው የተረፈች፣ «ሙሽራዋ» የምትባል ሴት በቀል ነው።

ያነጻጸርሁት እንዲህ ነው። ከወንድሜ ቤት ሁለተኛ ቴሌቪዥን ተውሼ ከራሴው አጠገብ አቆምሁ። የአሜሪካውን ዲስክ በግራ፣ የጃፓኑን በቀኝ አደረግሁና የቀኙን ድምፅ አጥፍቼ፣ ሁለቱን ሪሞት በሁለት እጄ ይዤ በአንድ ጊዜ አስነሣኋቸው። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «አንዱ አልበቃህም?» ብላኝ ተመለሰች።

ልዩነቱ ፊልሙ ገና ሳይጀመር ነው የሚጀምረው። በግራው ላይ «በቀል ሲቀዘቅዝ የሚጣፍጥ ምግብ ነው» የሚለው አባባል ይወጣና ከሥሩ የጥንት ክሊንጎኖች ምሳሌ መሆኑ ይጻፋል፤ ክሊንጎን ደግሞ ከጠፈር ልብ ወለድ የመጣ ሕዝብ ስለሆነ ነገሩ ከመነሻው ቀልድ ነው። በቀኙ ላይ ያ ቀልድ የለም። በምትኩ ፊልሙ በዚያው በ2003 ጃንዋሪ ላረፈው ለጃፓናዊው ዳይሬክተር ለኪንጂ ፉካሳኩ መታሰቢያ መሆኑ ይነበባል። ይህን ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት በኢንተርኔት ከአንድ ሻጭ «የጃፓን፣ ያልተቆረጠ» የተባለ ዲስክ ገዝቼ፣ የሽፋኑ ጽሑፍ በሙሉ ጃፓንኛ ሆኖ ሳለ ውስጡ ያው የምናውቀው ቅጂ ሆኖ አገኘሁት። መታለሌን የነገረኝ የመጀመሪያው ደቂቃ ነው፤ ክሊንጎኖቹ ከወጡ ዲስኩን አውጥታችሁ ወደ ሻጩ መመለስ ትችላላችሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ስክሪኖች እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ ድረስ አብረው ይጓዛሉ። በዚያ ምዕራፍ ሙሽራዋ ከምትበቀላቸው አንዷ የሆነችው የኦ-ሬን ኢሺ ልጅነት በአኒሜሽን ይተረካል፤ ሥራው ፕሮዳክሽን አይጂ የተባለው የጃፓን ስቱዲዮ ነው። ሕፃኗ የወላጆቿን ገዳይ ማትሱሞቶን ስትበቀል የጃፓኑ ቅጂ ሰይፉ በሆዱ ላይ የሚሠራውን ጥቂት ረዘም አድርጎ ያሳያል። የአሜሪካው ቶሎ ይሻገረዋል። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ አኒሜሽንም ስለሆነ ብዙ አያስደነግጥም። ነገር ግን ከዚህ በኋላ ግራው ስክሪን ቀድሞ ስለሚሄድ፣ በግራ እጄ «ፖዝ» እየተጫንሁ ማስጠበቅ ግድ ሆነብኝ።

ዋናው ጉዳይ ያለው «የሰማያዊ ቅጠሎች ቤት» በተባለው የቶኪዮ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ሙሽራዋ «እብዶቹ 88» ከሚባሉት የኦ-ሬን ጀሌዎች ጋር የምትፋለምበት ትዕይንት ላይ ነው። በአሜሪካው ቅጂ ሙሽራዋ የአንዱን ዓይን ከነቀለች በኋላ ቀለሙ ጠፍቶ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፤ መብራቱ ጠፍቶ ተፋላሚዎቹ በሰማያዊ ብርሃን ፊት ጥላ ሆነው እስኪታዩ ድረስም እንደዚያው ይቆያል። በጃፓኑ ቅጂ ቀለሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለ፤ ጥቂት ተጨማሪ የሚቆረጡ እጆችና እግሮችም አሉ።

እኔ የጠበቅሁት ተጨማሪ ደም ማየት ነበር። ያላሰብሁት ነገር ግን የሙሽራዋ ልብስ ነው። ብሩስ ሊ በመጨረሻ ዘመኑ የለበሰውን የሚመስለው ያ ቢጫ ቱታ በጃፓኑ ቅጂ ላይ እያንዳንዱን ግዳይ ይመዘግባል፦ መጀመሪያ ፍንጣሪ፣ ቀጥሎ ጠብታ፣ በመጨረሻ ቢጫው ከቀዩ ሥር የተቀበረበት ትልቅ ነጠብጣብ። በጥቁርና ነጩ ላይ ቢጫው አመድማ ይሆናል፣ ደሙ ደግሞ ጭቃ ወይም የሞተር ዘይት ይመስላል። ከዚያ ቀለሙ ሲመለስ ልብሱ በደም ተነክሮ ድንገት ታዩታላችሁ፤ መቼ እንዲህ ሆነ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። የጃፓኑን ያየ ሰው አይጠይቅም፣ አብሮ ቆጥሮታልና።

የመጨረሻው ልዩነት ሶፊ ፋታልን የሚመለከት ነው። የኦ-ሬን ጠበቃና ቀኝ እጅ የሆነችው ሶፊ በሁለቱም ቅጂ አንድ ክንዷን ታጣለች። በመኪና ሻንጣ ውስጥ ስትመረመር የአሜሪካው ቅጂ ዛቻውን አሰምቶን ያልፋል፤ በጃፓኑ ግን ሁለተኛው ክንድ ሲቆረጥ እናያለን። ለእኔ ይህ አንድ ሾት ከሰማያዊ ቅጠሎች ቤት ደም ሁሉ ይከብዳል፤ ምክንያቱን በኋላ እመለስበታለሁ።

አዲስ ገቢ (ዱባይ)፦

ለዝርዝሩ አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ የጃፓኑ ቅጂ ከአሜሪካው ሃያ ደቂቃ ይረዝማል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እርስዎ ግን ጥቂት ሾቶች ብቻ እንደተጨመሩ ነው የጻፉት። እኔ ጋ ያለው የአውሮፓ ዲስክ ደግሞ ሽፋኑ ላይ ከአሜሪካው 111 ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ስለተጻፈበት የተቆረጠ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ሁለተኛ፣ የጃፓኑን ዲስክ ባዝዝ እዚህ በገዛሁት ማጫወቻ ይሠራልኛል ወይ?

ጨለማ ክፍል (አዲስ አበባ)፦

በሥራዬ ቪዲዮ አቀናባሪ ስለሆንሁ የመጀመሪያውን ጥያቄ ልመልስ። ወንድሜ፣ ከሽፋን ላይ የተጻፈ ደቂቃ ቅጂዎችን ለማነጻጸር አይበቃም። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ሥዕል፣ ይቀረጻል። በአውሮፓም፣ በእኛም አገር፣ በእናንተም በባሕረ ሰላጤው የሚሠራበት ፓል የተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት በሰከንድ 25 ስለሚያሳይ፣ ፊልሙን ወደ ፓል ዲቪዲ የሚያዛውሩት በአብዛኛው 24ቱን እንደ 25 አድርገው በማፍጠን ነው። 111 ደቂቃ ሲፈጥን ወደ 106 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። አንዲት ፍሬም ሳትቆረጥ አራት ደቂቃ ተኩል «ጠፋ» ማለት ነው። ድምፁም አብሮ ስለሚፈጥን፣ ካልታረመ በስተቀር፣ ሙዚቃውም የተዋንያኑም ድምፅ ከግማሽ ቃና ትንሽ ባነሰ መጠን ይቀጥናል። ጆሮ ያለው ሰው ያውቀዋል።

አሜሪካና ጃፓን ሁለቱም የሚጠቀሙት ኤንቲኤስሲ የተባለውን ነው። በእሱ ፍጥነቱ ስለማይለወጥ፣ የክሩ ባለቤት ሁለቱን ዲስኮች በአንድ ጊዜ አስነሥተው ማስኬድ የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ የአውሮፓ ዲስክ ቢሆን ኖሮ ገና ሙሽራዋ ሆስፒታል ሳትደርስ ግራና ቀኙ በተለያዩ ነበር። ሃያ ደቂቃ የሚለው ግን ወሬ ነው፤ ትልቁ ልዩነት የርዝመት ሳይሆን የቀለም ነው።

ዲስኩ በየትኛው አካባቢ ማጫወቻ እንደሚሠራ የሚወስነውን የክልል ኮድ በተመለከተ ዕድለኛ ነዎት። ጃፓን፣ ምዕራብ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ በዲቪዲ አከፋፈል ሁሉም ክልል 2 ናቸው፤ አሜሪካና ካናዳ ክልል 1፣ እኛ ደግሞ ከአብዛኛው አፍሪካና ከሩሲያ ጋር ክልል 5 ነን። ዱባይ የተገዛ ማጫወቻ የጃፓኑን ዲስክ አልቀበልም አይልም፤ የሚቀረው ቴሌቪዥንዎ ኤንቲኤስሲ ማንበቡ ነው፣ ያንን ደግሞ ከሃያ ዓመት ወዲህ የተሠራ ሁሉ ማለት ይቻላል ያነባል። ብሉሬይ ከሆነ ግን አከፋፈሉ ሌላ ነው፦ ጃፓን ከአሜሪካ ጋር «ኤ» ውስጥ ስትሆን፣ እናንተና እኛ «ቢ» ውስጥ ነን። ዲስኩን በኢንተርኔት ስታዝዙ ዲቪዲና ብሉሬይ አትደባልቁ።

ብራና22፦

ይህን ሁሉ ድካም ለተጨማሪ ደም ማየት ማዋል ምን እንደሚጠቅም አልገባኝም። ለማንቋሸሽ እንዳይመስልብኝ፤ ፊልሙን እወደዋለሁ። ነገር ግን እኔ ያንን ትዕይንት የምወደው በጥቁርና ነጭ ስለሆነ ነው። ቀለሙ ሲጠፋ ዓይኔ ከደሙ ተነሥቶ ወደ እንቅስቃሴው ይሄዳል። ፍልሚያውን ያቀናበረው የሆንግ ኮንጉ ዩዌን ዉ-ፒንግ ነው፤ ይህን ያህል ሰው በደረጃውና በጠረጴዛው ላይ እንደ ዳንስ እንዲንቀሳቀስ ያደረገ ባለሙያ ሥራው በቀይ ቀለም ሲሸፈን ማየት ለእኔ ኪሳራ ነው። ደሙ በጥቁርና ነጭ እንደ ቀለም ብሩሽ ጭረት ይሆናል። በባለ ቀለሙ ግን፣ ቁርጥራጮቹን በኢንተርኔት አይቻቸዋለሁ፣ ጎማ እጅና ቀይ ሽሮፕ ሆኖ ነው የታየኝ።

ደግሞም በክሩ ርዕስ ላይ «ሳንሱር» ተብሏል። ሳንሱር ስንል እኛ የምናውቀው መንግሥት መሥሪያ ቤት አቋቁሞ፣ ማኅተም ይዞ፣ ይህ ይውጣ ያ ይቅር ሲል ነው። በአሜሪካ ለፊልም የዕድሜ ደረጃ የሚሰጠው የፊልም ኩባንያዎቹ የራሳቸው ማኅበር እንጂ መንግሥት አይደለም። ዳይሬክተሩ እምቢ ማለት ይችል ነበር።

የዲስክ መደርደሪያ፦

እህቴ ብራና፣ ስለ ስሙ ልክ ነዎት፤ ስለ ውጤቱ ግን ትንሽ ልከራከር። ማኅበሩ ፊልም አያግድም፤ ደረጃ ነው የሚሰጠው። ታራንቲኖ የተሰጠው «አር» ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር እንዲገባ የሚፈቅድ ነው። ከእሱ በላይ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የቀድሞውን «ኤክስ» ተክቶ የመጣው «ኤንሲ-17» ግን ልጅ ጨርሶ እንዳይገባ ይከለክላል። በተግባር ደግሞ ብዙ ሲኒማ ቤቶች እንዲህ ያለውን ፊልም አያሳዩም፣ ብዙ ጋዜጦች ማስታወቂያውን አይቀበሉም፣ ያኔ ገበያውን የያዘው ትልቁ የቪዲዮ አከራይ ሰንሰለትም መደርደሪያው ላይ አያስቀምጠውም ነበር። እምቢ የማለት መብቱ አለ፤ እምቢ ያለ ሰው ግን ፊልሙን ለማን እንደሚያሳይ ማሰብ አለበት። ማኅተም ባይኖርም ገንዘቡ ማኅተም ነው።

ጥቁርና ነጩ ሁለት ምክንያት እንዳለው ነው የሚነገረው። በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች የኩንግ ፉ ፊልሞችን ሲያስተላልፉ ደም የበዛበትን ቦታ ቀለሙን አጥፍተው ያሳልፉት ነበር፤ ታራንቲኖ ያንን ዘዴ እንደ ፍቅር ማስታወሻ ሊጠቀምበት አስቦ፣ ማኅበሩ ትዕይንቱ ይለዝብ ሲል ዘዴው የተፈጠረበትን ሥራ ራሱ ሠራለት። ስለዚህ የተገደደም የፈለገም ነው፤ አንዱን ብቻ የሚመርጥ ሰው ግማሹን ነው የሚናገረው።

«ጎማ እጅና ቀይ ሽሮፕ» ያሉት ግን እኔ ልለው የፈለግሁት ራሱ ነው! በቀለም ሲታይ አያሳምንም፤ እንዲያሳምንም አልተሠራም። ክንድ ሲቆረጥ ደሙ እንደ ተፈታ የውኃ ቧንቧ እየፏጨ ጣሪያ ይነካል። ሦስተኛው ላይ ሳቅሁ፤ ግራው ስክሪን ላይ በዚያው ቅጽበት ያው ሰው ሲወድቅ ግን አልሳቅሁም። ጥቁርና ነጩ ነገሩን አክብዶታል፣ ልክ የድሮ የጦርነት ዜና ፊልም ይመስል። ደረጃ ሰጪዎቹ ያለዘቡ መስሏቸው ቀልዱን ነው የወሰዱት። በ1987 ከወጣው የፖል ቨርሁቨን «ሮቦኮፕ» ጋር ያው ነገር ነው የሆነው፤ ማሽኑ በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ሠራተኛውን የሚተኩስበት ትዕይንት «ኤክስ» እንዳያሰጥ ሲያጥር ከባድ ሆነ፣ ያልተቆረጠው ቅጂ በኋላ በዲስክ ሲወጣ ግን ተኩሱ ከመርዘሙ የተነሣ ወደ ፌዝ እንደሚያልፍ ታየ። ዳይሬክተሩም ራሱ ያንኑ ሲናገር ኖሯል።

የሺቡያ ዝናብ (ቶኪዮ)፦

እኔ የምኖረው ጃፓን ስለሆነ ከዚህ በኩል ያለውን ልጨምር። እዚህም ደረጃ የሚሰጠው ኤይሪን የተባለው፣ በ1949 የተቋቋመ፣ የፊልም ሰዎቹ የራሳቸው አካል ነው፤ መንግሥት አይደለም። እርቃንን በተመለከተ ለረጅም ዘመን እጅግ ጥብቅ ነበር፤ በሰይፍ ፊልም ላይ ደም ቢፈናጠር ግን ማንም አይደነግጥም። ምክንያቱም ያ ፏፏቴ እዚህ አገር የራሱ ታሪክ አለው። ከስድሳዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሳሙራይ ፊልሞች ላይ ደም በግፊት ወደ ላይ መርጨት የታወቀ ስልት ሆኗል፤ በሰባዎቹ ደግሞ እየተጋነነ ሄዶ እንደ ቲያትር ሆኗል። የጃፓን ተመልካች ቧንቧውን ሲያይ የሚያየው ቁስል ሳይሆን ስልት ነው። የድሮ ሰዎች በጦርነት ሥዕል ላይ ደም እንደሚሥሉት ማለት ነው እንጂ ማንም እውነት ነው አይልም።

የእጅ ሥራው ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ታራንቲኖ በዚያ ትዕይንት የኮምፒውተር ደም እንዲኖር አልፈለገም፤ በቻይና የድሮ ፊልሞች ዘዴ በሰው ሠራሽ ደም የተሞሉ ቀጫጭን የላስቲክ ከረጢቶች በተዋንያኑ እጅና ልብስ ውስጥ ተደብቀው ሲመቱ እንዲፈነዱ ነው ያስደረገው። ቀረጻው የተካሄደው በቤጂንግ ሲሆን ይህ አንድ ትዕይንት ብቻ ስምንት ሳምንት ፈጅቷል፤ ከታቀደለት ጊዜ በስድስት ሳምንት አልፎ ማለት ነው። በጃፓኑ ዲስክ ላይ ዝግ ብላችሁ ብታዩት ከረጢቱ ሲፈነዳ ደሙ መጀመሪያ እንደ ኳስ ድብልብል ብሎ ነው የሚወጣው፤ በጥቁርና ነጩ ይህ ከጥላ ጋር ስለሚቀላቀል አይታይም። የስምንት ሳምንት ሥራ ነው በግራጫ የተሸፈነው።

ለገዢዎች አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የጃፓን ዲስክ ማውጫው በጃፓንኛ ነው። ፊልሙ ውስጥ ብዙ የጃፓንኛ ንግግር ስላለ፣ የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ መኖር አለመኖሩን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ።

አሮጌ ካሴት (አዲስ አበባ)፦

ልጆቼ፣ ስለ ዲስክ ብዙ አላውቅም፤ ስለ ቀለም መጥፋት ግን ትንሽ አውቃለሁ። እኛ በቪዲዮ ቤት ዘመን አግዳሚ ላይ ተደርድረን ካራቴ ስናይ ማንም ፊልሙን አልቆረጠብንም። የሚቆርጠው ካሴቱ ራሱ ነበር። ባለቤቱ ሕዝቡ በጮኸ ቁጥር ድብድቡን መልሶ ስለሚያሳይ፣ ከሁሉ በፊት የሚያልቀው የቴፑ ክፍል ያ ድብድቡ ያለበት ነው። ቀለሙ መጀመሪያ ይገረጣል፣ ከዚያ ነጭ መስመር እየሮጠበት ጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ ሰዎቹ ሲነጋገሩ ደግሞ ቀለሙ እንደ አዲስ ይመለሳል። «ኪል ቢል»ን ልጄ ያሳየኝ ዕለት ያ ትዕይንት ጥቁርና ነጭ ሲሆን ዲስኩ የተበላሸ መስሎኝ «ጥረገው» አልሁት።

ስለዚህ እኔ ከብራና ጋር ነኝ። ምክንያቴ ግን ጥበብ አይደለም፤ ድብድብ ሲደርስ ቀለም መጥፋቱን ስለለመድሁት ነው።

ጨለማ ክፍል፦

ጋሼ፣ በሳቅ ገደሉኝ። ግን ያሉት ነገር ከቴክኒኩ ጋር ይገናኛል። ቀለሙ የጠፋው በማጫወቻው ላይ የቀለም ቁልፍ እንደ መዝጋት ተደርጎ አይደለም። ባለ ቀለም ሥዕል ወደ ጥቁርና ነጭ ሲለወጥ ቀዩ ምን ያህል ጥቁር፣ ቢጫው ምን ያህል ነጭ ይሁን የሚለውን የሚወስነው ሰው ነው። ቀይና ቆዳ በቀላሉ ተመሳሳይ ግራጫ ይሆናሉ፤ እንደዚያ ቢተው ደሙ ፊት ላይ አይለይም ነበር። በአሜሪካው ቅጂ ደሙ አንጸባራቂ ጥቁር ሆኖ ነው የቀረው፤ ይህ ደግሞ ሮበርት ሪቻርድሰንን የመሰለ ጎበዝ የካሜራ ባለሙያ ካበራው ብርሃን ጋር ሲገናኝ እውነትም ያምራል። የብራና ዓይን አልተሳሳተም። እኔ ለሥራዬ ስል የምመርጠው ግን የጃፓኑን ነው፣ ምክንያቱም መብራቱ የሚጠፋበት ቅጽበት በእሱ ላይ ነው የሚሠራው። ከሙሉ ቀለም በአንዴ ወደ ሰማያዊና ጥላ ስትወርድ ዓይንህ ይደነግጣል፤ ለረጅም ጊዜ ግራጫ ውስጥ ቆይተህ ስትመጣ ግን ሰማያዊው እንደ ቀለም መመለስ፣ እንደ እፎይታ ነው የሚሰማህ። አንዱ ሾት ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይሠራል።

ብራና22፦

ይህን አላሰብሁትም ነበር፤ ተቀብያለሁ። አሁን ወደ ሶፊ እንመለስ፣ የክሩ ባለቤት እመለስበታለሁ ብለው ረስተውታልና።

የዲስክ መደርደሪያ፦

አልረሳሁትም፤ እንዴት እንደምለው ስፈልግ ነው። ሙሽራዋ በእኛ ቋንቋ ደም መላሽ ናት። ደም መላሽ ሕግ አለው፤ የሚፈልገውን ያውቃል፣ ከሚፈልገው ውጪ አይነካም። ፊልሙ ገና ሲጀመር ከበዳዮቿ አንዷን ቨርኒታን በቨርኒታ ልጅ ፊት ከገደለች በኋላ ለሕፃኗ «አድገሽም ካልወጣልሽ እጠብቅሻለሁ» የምትላት ለዚህ ነው፤ የልጅቷን ደም የመመለስ መብት ታውቃለች። በአሜሪካው ቅጂ ሶፊ አንድ ክንድ አጥታ በሕይወት ትለቀቃለች፤ መልእክተኛ ናትና ሄዳ ለቢል ትናገራለች፣ ነገሩ በደም መላሽ ሕግ ውስጥ ነው። በጃፓኑ ግን ታስራ፣ ቆስላ፣ በመኪና ሻንጣ ውስጥ ተኝታ የምትለምን ሴት ሁለተኛ ክንድ ትቆረጣለች። እዚህ ላይ ማንም አይስቅም፤ ፏፏቴውም ቀልዱም የለም። ለእኔ ሙሽራዋ ከሕጉ የወጣችው በዚህ ሾት ነው፤ አሜሪካው ይህን ሲያስቀር ከደም በላይ ነገር አስቀርቷል።

ብራና22፦

አንድ ነገር አምልጦዎታል። ሶፊ መልእክተኛ ብቻ አይደለችም፤ የሠርጉ ልምምድ ላይ ግድያው ሲፈጸም እዚያው በጸሎት ቤቱ ውስጥ ስልክ እያወራች ነበረች። ሙሽራዋ ስታያት የምታስታውሰው ያንን ነው። ሙሽራዋ በያዘችው የሚገደሉ ሰዎች ስም ዝርዝር ላይ አልተጻፈችም እንጂ ደሙ እሷንም ነክቷታል። ስለዚህ ሁለተኛው ክንድ ከሕግ መውጣት አይመስለኝም። ጭካኔ መሆኑ ግን አይካድም፤ ደግሞም ሙሽራዋ ራሷ ቢል የምሕረቴን መጠን በአንቺ የተጎዳ ገላ ላይ ይመልከት ትላታለች። በአንድ ክንድ ያ ንግግር ዛቻ ነው። በሁለት ክንድ ሲሆን ግን «ምሕረት» የሚለው ቃል መራራ ሹፈት ይሆናል። ይህን ስጽፍ የጃፓኑን ቅጂ እየደገፍሁ መሆኔ ገባኝ።

የዲስክ መደርደሪያ፦

የስልኳ ነገር እውነትም አምልጦኛል፤ አሁን መልሼ አየሁት፣ እዚያው ናት። ስለ ሕጉ ያልሁትን እስባለሁ፤ ስለ ክብደቱ ያልሁትን ግን አይደለም።

የሺቡያ ዝናብ፦

ዲስክ ፍለጋ ለሚደክማችሁ፦ ታራንቲኖ ሁለቱን ክፍሎች አንድ አድርጎ ያቀናበረው ረጅም ቅጂ አለ፤ መጀመሪያ በካን ታይቶ፣ በ2011 ደግሞ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው በራሱ ሲኒማ ቤት በኒው ቤቨርሊ ታየ፤ በዲሴምበር 2025 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በሰፊው ወጥቷል። የሰማያዊ ቅጠሎች ቤት በእሱም በሙሉ ቀለም ነው። አብዛኛው የአሜሪካ ተመልካች በ2003 የተከለከለውን ቀይ በሕጋዊ መንገድ በትልቅ ስክሪን ለማየት 22 ዓመት ጠብቋል።

አዲስ ገቢ (ዱባይ)፦

ላሳውቃችሁ ብዬ ነው። ዲስኩ ትናንት ደረሰኝ፤ ማጫወቻውም ያለ ምንም ችግር ተቀበለው። እጄን ሪሞቱ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ፤ ክሊንጎን አልወጣም፣ የፉካሳኩ ስም ነው የወጣው። የእንግሊዝኛውን የግርጌ ጽሑፍ ማውጫው ውስጥ እስካሁን እየፈለግሁ ስለሆነ ኦ-ሬን በስብሰባው ላይ የምትለውን ለጊዜው በእጇ እንቅስቃሴ ነው የተረዳሁት። ቶኪዮ ያለኸው ወንድሜ፣ ማውጫውን ፎቶ አንሥቼ ብልክልህ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ትነግረኛለህ?